የጓሳ ሜዳና ጠባቂዎቹ፦ ከአንድ ቀን የእግር ጉዞ ዕቅድ የተነሣ

የእግር ጉዞ ሲታቀድ በቅድሚያ የሚነሡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ በስንት ሰዓት እንነሣለን፣ ምን እንይዛለን፣ የት እናርፋለን፣ መቼ እንመለሳለን የሚሉት ናቸው። እኛም፣ ማለትም አንድ ሠዓሊ፣ አንድ የታሪክ መምህርና ይህ ጸሐፊ፣ በሰሜን ሸዋ ወደሚገኘው የጓሳ ሜዳ ወጥተን አንድ ቀን ሙሉ በእግራችን ልንዞረው ባሰብን ጊዜ፣ በአንዲት ወረቀት ላይ ያሰፈርነው ይህንኑ ነበር። ወረቀቱን በጉርብትና ለምናውቃቸው፣ መንዝ ተወልደው ላደጉና ዕድሜያቸው ሰማንያን ላለፈ አዛውንት አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ካነበቡት በኋላ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጆቼ፣ ሁሉን ጽፋችኋል። ለመሆኑ ማንን አስፈቅዳችሁ ነው የምትገቡት?»

«አባባ፣ ሜዳ አይደለም እንዴ? ሜዳ ምን በር አለው?» አለ መምህሩ።

«በር የሌለው ሜዳማ ሣር አይኖረውም» አሉና ወረቀቱን መለሱልን።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ መልስ ነው። የመንገዱን ዝግጅት ለጥቂት ቀናት አቆይተን፣ ስለ ሜዳው ታሪክ የተጻፈውን ማንበብና የሚያውቁትን መጠየቅ ጀመርን። ከዚያ በኋላ የጉዞው ዕቅድ እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም።

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ እስከ ጣርማ በር ይሄዳል። ዋናው ጎዳና በዚያ ሥፍራ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስበሳው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ፣ የጓሳ መንገደኛ ግን ወደ ዋሻው ሳይገባ በስተግራ ታጥፎ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ በመዘዞ በኩል ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሲሆን፣ ዘለዓለም ተፈራና ናይጀል ሊደር ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ስፋቱ 111 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ ኤፍራታና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ዘንበል ይላል። በአንዱ ወገን የዘነበው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በሌላው ወገን የዘነበው በጃማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። የአገራችን ገበሬ ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብሎ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ከደጋ በላይ ላለው «ውርጭ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ጓሳ ውርጭ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ሣሩ በበረዶ ብናኝ ነጥቶ ይታያል፤ ገብስ እንኳ ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይበቅልም።

ገብስ የማይበቅልበት ምድር ለገበሬ ምኑ ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ በሜዳው ስም ውስጥ ይገኛል። ጓሳ በመጀመሪያ የሣሩ ስም ነው። በጉብ በጉብ ሆኖ የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነና የጠነከረ፣ ሲያድግ እስከ ሰው ጉልበትና ከዚያም በላይ የሚደርስ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ከዚህ ሣር ጋር ያለው ግንኙነት የወይና ደጋው ሰው ከቀርከሃ ወይም የቆለኛው ሰው ከዘንባባ ጋር ካለው ግንኙነት የሚያንስ አይደለም። በድንጋይ የተካበው ክብ ቤት ጣራው የሚከደነው በጓሳ ነው፤ ሌላው ሣር ቶሎ ሲበሰብስ ጓሳ ዓመታትን ይቆያል። ገመድ የሚገመደው ከጓሳ ነው፤ በጉ የሚታሰርበት፣ ጭነቱ የሚጠፈርበት፣ የጣራው ማገር የሚጠመጠምበት እርሱው ነው። እረኛው በክረምት ዝናብ ከራሱ እስከ ጉልበቱ የሚለብሰው ገሳም ጓሳ ነው። ገሳ የለበሰ ልጅ በጉም ውስጥ ቆሞ ከሩቅ ሲታይ፣ ሰው ነው ወይስ የሣር ጉብታ ተነሥቶ ቆመ የሚያሰኝ ነው። ሠዓሊው ጓደኛችን ወደ ጓሳ ለመሄድ የተመኘው ይህን አንድ መልክ ለማየት ብሎ ነው።

ከሣሩ ቀጥሎ በጉ ይመጣል። የመንዝ በግ ትንሽ፣ ላቷ የወፈረ፣ ጠጉሯ ረጅምና ሻካራ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ ትሆናለች። ጠጉሩ ይሸለታል፤ ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። ከእርሱ ባና፣ ዝተትና ባርኖስ ይወጣል። በጥጥ ሸማ ብቻ ሊታለፍ የማይችለውን የውርጭ ሌሊት የመንዝ ሰው ያለፈው በዚህ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ በተለምዶ «ባህላዊ ዕደ ጥበብ» እያልን በኤግዚቢሽን መደርደሪያ ላይ የምናስቀምጣቸው ዕቃዎች ሁሉ ከአንድ ሜዳ ሕይወት ጋር በቀጥታ የተቆራኙ መሆናቸውን ነው። ሜዳው ከተራቆተ ገሳው ወደ ፕላስቲክ፣ ገመዱ ወደ ናይለን፣ ጣራው ወደ ቆርቆሮ ይለወጣል። መለወጡ በራሱ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ ቆርቆሮ ጣራ የማያፈስ መሆኑን በሣር ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ሰው ወዶ ሲለውጥና አጥቶ ሲለውጥ ልዩነት አለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም ያለው ሣር፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሳያልቅ እንዴት ቆየ? አዛውንቱ በር ያሉት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር በመባል በሦስት ይከፈላል፤ ስያሜዎቹም ከቀደምት አባቶች ስም የመጡ ናቸው። የጓሳን ታሪክ በተመለከተ ሲነገር የኖረው፣ ምድሩን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች በፈረስ ግልቢያ እንደተካፈሉት ነው። ፈረስ እስከ ቻለበት ድረስ ይጋልባል፤ የሄደበት ያህል ድርሻ ይሆናል። ዘመኑ በ17ኛው መቶ ዓመት ላይ ይነገራል፤ ይህም የሸዋ ገዥዎች ሐረግ የሚቆጠርባቸው ነጋሲ ክርስቶስ ከዚሁ ከመንዝ ከተነሡበት ዘመን ብዙም አይርቅም። ይህ ጸሐፊ የሁለቱን ፈረሰኞች ነገር በአንድ ወቅት ለመድረክ ሊያዘጋጀው ሞክሮ ነበር። ሁለት ትዕይንት ከተጻፈ በኋላ ሥራው ቆመ። ፈረስ በመድረክ ላይ አይጋልብም የሚለው ሰበብ ብቻ አልነበረም፤ ከግልቢያው በኋላ የመጣውን፣ ማለትም ከዓመት ዓመት ሜዳውን ዘግቶ መጠበቅን፣ ተመልካች ሳይሰለች እንዴት እንደሚያየው ማወቅ አቃተኝ። ጀግንነት ከግልቢያው ይልቅ በጥበቃው ውስጥ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። (ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፖለቲካው መድረክ ከተሰማው ሌላ ቃል ጋር አንባቢ እንዳያገናኘው።) መሠረቱም አጽመ ርስት የሚባለው የመሬት ይዞታ ነው። አጽም አጥንት ነው፤ አጽመ ርስት ማለት እንግዲህ ባለመብቱ በአጥንቱ፣ ይኸውም በትውልዱ የሚያገኘው ርስት ማለት ነው። ዘሩን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል እስከ አስቦ ወይም እስከ ጌራ ቆጥሮ ማድረስ የቻለ ሰው ከጓሳ ድርሻ ነበረው። ባለ ድርሻዎቹም አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። የአለቃው ሥራ ሜዳውን ማስጠበቅ፣ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ መወሰን፣ ሥርዓት ያፈረሰውን መቅጣት ነው።

ጓሳ በአንድ ጊዜ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። በቅዝቃዜው የተነሣ ሣሩ አዝጋሚ ነውና ለጣራ የሚሆን ርዝመት ለማውጣት ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ሜዳው ተዘግቶ ሳለ ከብትም ሆነ ማጭድ አይገባም፤ የአካባቢው ወንዶች በተራ እየወጡ ይጠብቃሉ። የተወሰነው ዘመን ሲሞላ፣ በበጋው ብርታት፣ በታችኛው አገር ግጦሹ ሲደርቅና ሣሩም ለማጨድ በሚመች ሰዓት ይከፈታል። በመጀመሪያ አጫጆች ይገባሉ። አጨዳው ሲፈጸም መንጋው ይለቀቃል። የቅደም ተከተሉ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ከብት ቀድሞ ቢገባ ረጅሙን ሣር ረግጦ ያበላሸዋል፤ አጫጅ ቀድሞ ከገባ ግን ለከብቱ ለጋው ግርጌ ይቀርለታል። ዝናብ መጣል ሲጀምር፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፣ ሁሉም ከብቱን እየነዳ ይወጣል። መሬቱ በክረምት ርሶ በኮቴ ከመቦካቱ በፊት ሜዳው ባዶውን ይቀራል፤ በሩም እንደገና ለዓመታት ይዘጋል።

ይህን የመዝጊያ ቀን ማን እንደመረጠው ማሰብ ያስደስታል። ቀኑን ለማስታወስ ጽሕፈት ቤት፣ ማስታወቂያ፣ ዘበኛም አላስፈለገም። ጾም የሚፈታበትን ቀን የማያውቅ የመንዝ ሰው አይገኝም፤ «አላወቅሁም ነበር» የሚል አጥፊ አይኖርም። የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ ለሣር ጥበቃ ያዋለው ሕዝብ፣ እምነቱንና ኑሮውን ለያይቶ የሚያይ አልነበረም።

የታሪክ ጸሐፊ ግን እዚህ ላይ ቆሞ ማመስገን ብቻ አይበቃውም። አዛውንቱን በሌላ ቀን ቤታቸው ሄደን ስለ ቄሮ ዘመን ያዩትን እንዲነግሩን ስንጠይቃቸው፣ ጥበቃ የወጡበትን ሌሊት ያጫውቱናል ብለን ጠብቀን ነበር። ያጫወቱን ሌላ ነው።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበር» አሉ። «ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይሠራል። ጓሳ ሊከፈት ወሩ ሲቀረው ቤታችን ሰው በሰው ይሆናል፤ ሁሉም ማጭዱን ሊያስመታ ይመጣል። ሲከፈት ሁሉም ይሄዳል። እኛ አንሄድም። ከማን ዘር ነን ብለን እንሂድ?»

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ የቤታቸው ጣራ ክረምቱን እንደማይዘልቅ ስላዩ፣ አባታቸውን ሳያማክሩ በሌሊት ወጥተው አንድ ሸክም ጓሳ አጨዱ። ሲመለሱ ጠባቂዎቹ ያዟቸው። ሸክሙ ተወሰደ፤ አባታቸው በግ ከፈሉ። «ያጨድሁበት ማጭድ፣ የያዘኝም ሰው ያነገተው ማጭድ፣ ሁለቱም የአባቴ እጅ ሥራ ናቸው» አሉና ሳቁ። የዚያን ዓመት ክረምት ጣራው በየት በየት በኩል እንዳፈሰሰ ግን አንድ በአንድ ያስታውሳሉ።

እንግዲህ የቄሮ ሥርዓት ይህም ነበረ። ሣሩን ያዳነው በሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ሰውን በአጥንቱ እየለየ የሚያስገባ ነበር። በእጃቸው ጥበብ አገሩን ያገለገሉት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ከሌላ ሥፍራ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ከሜዳው ውጭ ናቸው። የቀድሞውን ሥርዓት በናፍቆት የሚያነሡ አንዳንድ ጽሑፎች ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ብቻ ስናስብ ለማለፍ ይቀላል፤ ጣራው ያፈሰሰበት ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራ ግን አይታለፍም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ ጫና ያላቀቀው ይኸው አዋጅ፣ ርስትን ከነአጥንት ቆጠራው ሻረ። በመንዝ ጭሰኛና ባለ ርስት የሚለው ልዩነት በደቡቡ ክፍለ ሀገር እንደነበረው የሰፋ ባይሆንም፣ የአዋጁ ውጤት በጓሳ ላይ ብርቱ ነበር። ባለ ድርሻ የሚባል ወገን ሲቀር አለቃው የቆመበት መሠረት አብሮ ቀረ። አባ ቄራም አፈሮም ሥልጣናቸው አከተመ። በሕግ ረገድ ሜዳው የሁሉም ሆነ፤ በተግባር ግን ለጥቂት ዓመታት የማንም አልነበረም።

አዛውንቱ በዚያ ዘመን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። «ገባና!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ማንም አልከለከለንም። እኔ የገባሁት በአባቴ ማጭድ ነው። አባቴ ሞቶ ነበር እንጂ ቢኖር ተሸክሜም ቢሆን እወስደው ነበር። አንድ ቀን ሙሉ አጨድሁ፤ ሲመሽም አልደከመኝም።» ቡናቸውን ጨለጡ። ከጥቂት ጊዜ ዝምታ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «በሦስተኛው ዓመት የወንድሜን ቤት ልንከድን ብንወጣ ለጣራ የሚሆን አላገኘንም። የነበረው ጣት የምታህል ነች። ከብቱ በክረምትም አልወጣ፤ ሰዉ ጨረንፌውን ለማገዶ ከሥሩ ይነቅላል። ያን ጊዜ አዘንሁ። ማዘኔን ለማን እናገራለሁ? የቄሮ ሰዎች ቢሰሙኝ ‹ይኸው› ይሉኛል።»

በዚህ ሰው ንግግር ውስጥ አንድ ትልቅ የታሪክ ጥያቄ ተሸክፎ ይገኛል። መብት ያጣ ሰው መብቱን ባገኘ ማግሥት፣ መብቱ የተሰጠበት ነገር ከእጁ ሲያልቅ ምን ይበል? በሩ ዳግም ይዘጋ ቢል ወደ ውጭ የሚቀረው ማን ነው? ክፍት ይሁን ቢል ምን ሊያጭድ? አዋጁ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የማን ነው የሚለውን፣ በትክክል መለሰ ብለን እናምናለን። ሁለተኛውን፣ ማን ይጠብቀዋል የሚለውን ግን ለገበሬ ማኅበራቱ ትቶት አለፈ። ማኅበራቱ በዚያ ዘመን የእርሻ መሬት ማከፋፈልን ጨምሮ ብዙ ሸክም ነበረባቸውና የሣር ሜዳ ነገር የመጨረሻው ወረፋ ላይ ቢወድቅ አይደንቅም።

ጥያቄው የመንዝ ብቻም አይደለም። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው በእጅጉ በታወቀ ጽሑፉ፣ የጋራ ግጦሽ በእረኞች ፉክክር የተነሣ መጥፋቱ አይቀርም የሚል ክርክር አቅርቦ ነበር። በሌላው ወገን ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ባገኘችበት ሥራ፣ ሕዝብ ራሱ ያወጣውን ደንብ ራሱ እያስከበረ የጋራ ሀብቱን ለብዙ መቶ ዓመታት ሊያቆይ እንደሚችል በማስረጃ አሳይታለች። ከማስረጃዎቿ አንዱ ተርበል የሚባል የስዊስ ተራራ መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1483 ስለ ተራራ ግጦሻቸው ማኅበር መሥርተው ተፈራርመዋል፤ በ1517 ደግሞ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው እንዳያወጣ ደነገጉ። ከመንዙ የሐምሌ 5 ደንብ ጋር ምን ያህል ይቀራረባል! በአንዱ አገር ክረምቱ በረዶ፣ በሌላው ዝናብ ነው፤ የእረኛው ሒሳብ ግን አንድ ነው። ተርበልም ብትሆን ለባዕድ በሯን የዘጋች መንደር ነበረች፤ መብቱ የነባሩ ነዋሪ እንጂ የመጤው አልነበረም። በዚህም ከቄሮ ጋር ትመሳሰላለች።

የጓሳ አካባቢ ሕዝብ ሣሩ ማጠሩን አይቶ እጁን አጣጥፎ አልቀረም። ከጊዜ በኋላ በአዋሳኝ ያሉት ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን የሚልኩበት የጓሳ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ መዝጋትና መክፈት፣ ተራ ጥበቃና ቅጣት በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ተመልሰዋል። ሥፍራውም ዛሬ በመንግሥት ዕውቅና የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ይጠራል። የአሁኑን ከቀድሞው የሚለየው መብቱ ከአጥንት ይልቅ ከነዋሪነት የሚመነጭ መሆኑ ነው። የቀጥቃጩ ልጅና የአፈሮው ልጅ ባንድ ተራ ጥበቃ ይወጣሉ ማለት ነው። ይህ የሆነው ያለ ክርክር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ መንዝን አያውቅም።

በሜዳው ላይ ከሰውና ከበግ ሌላ ስላሉት ነዋሪዎች በአጭሩ እናንሣ፤ የሚሄድ ሰው ያያቸዋልና። ጭላዳ ዝንጀሮ በብዙ መቶ እየሆነ ቁጭ ብሎ ሣር ሲለቅም ይውላል፤ ከዝንጀሮ ወገን ዋና ቀለቡ ሣር የሆነ እርሱ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ጎልማሳው ከ500 በታች የሆነው ቀይ ቀበሮም እዚሁ ይገኛል። ሁለቱ አይጣሉም። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጓሳ ባቀረቡት ጥናት፣ ቀበሮው ለብቻው አይጥ ሲያድን ከመቶ 25፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ደግሞ ከመቶ 67 እንደሚሳካለት አስፍረዋል። በመንጋው መካከል ግልገል ሳለ ቀበሮው አይነካውም፤ ቢነካ ከመንጋው እንደሚባረር የገባው ይመስላል። ሠዓሊው ይህን ሲሰማ «እነሱም ቄሮ አላቸው» አለ፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልጠየቅነውም።

አሁን ወደ ዕቅዳችን እንመለስ። ከላይ ያለው ሁሉ ከታወቀ በኋላ ወረቀቱን አዲስ አድርገን ጻፍነው።

የመጀመሪያው መስመር ከመነሣታችን በፊት የአገሩን ሰው ስለ መንገዱ ሰላም መጠየቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት የተነሣ ይህ ጥያቄ እንደ ቀድሞው ለወግ ያህል የሚጠየቅ አይደለም፤ መልሱ «ቆዩ» ከሆነ መቆየት ነው። ሁለተኛው መስመር ሜዳውን የሚጠብቁትን ማስፈቀድና ከእነርሱ ወገን መንገድ መሪ መያዝ ነው። ሰዓቱና ስንቁ ወደ ሦስተኛው ወርደዋል።

ወሩ ጥቅምት እንዲሆን ተስማምተናል። ዝናቡ አብቅቶ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ብርቱው ውርጭም አልገባም። ከአዲስ አበባ በዋዜማው ወጥቶ ማደር ግድ ነው፤ በአንድ ጀምበር ደርሶ መልስ የሚያስብ ሰው ሜዳውን ከመኪና መስኮት ከማየት አያልፍም። ከፍታውን ያልለመደ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ወጣቶችም ቢሆኑ ቀስ ብለው እንዲሄዱ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ እንዲጠጡ ተጽፏል። ጉዞው ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ በ10 ሰዓት ያበቃል፤ በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንሄዳለን። ጧት ወደ ምሥራቅ አፋፍ እንሄዳለን፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው እየተነሣ ገደሉን ስለሚሸፍነው የአፋርን ሜዳ ማየት የሚቻለው በማለዳው ነው። ጭላዳዎቹም ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው የሚወጡት በዚያን ሰዓት ነው። ከዚያ ጅብራ በቆመባቸው ጉብታዎች መካከል አድርገን ወደ ምዕራብ እንመለሳለን። የጓሳ ጉብ ከሥሩ በፍልፈልና በአይጥ ጉድጓድ የተቦረቦረ ነውና እግር በዘፈቀደ አይጣልም፤ የተረገጠውን መንገድ መከተል ለሣሩም ለቁርጭምጭሚትም ይበጃል። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ልብስ በተመለከተ መምህሩ ዘመናዊ ካፖርት፣ ሠዓሊው ባና፣ ይህ ጸሐፊ ደግሞ ሁለቱንም ሊይዝ ወስኗል።

አዲሱን ወረቀት ለአዛውንቱ ወሰድንላቸው። አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እርሳስ ጠይቀው «ምሳ፤ ሻይ ይፈላል» ከሚለው ላይ ሁለተኛውን ሐረግ ሰረዙት።

«በጓሳ መካከል እሳት አይነድም» አሉ። «ሻያችሁን አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ።»

«እሺ አባባ» አልን። «ሌላ የሚጨመር አለ?»

«ለእናንተ የለም። ለኔ ግን ስትመለሱ መሐል ሜዳ በገበያው ቀን ግቡና የጓሳ ገመድ ግዙልኝ። የበግ ማሰሪያ። ይኼ የከተማው ሲባጎ በየበዓሉ እጄን ይቆርጠኛል።»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ በመጨረሻው መስመር ላይ ጻፈው፤ ርዝመቱንም ጠየቃቸው። አዛውንቱ ክንዳቸውን ዘርግተው በጣታቸው ጫፍና በክርናቸው መካከል እየለኩ ቆጠሩለት፤ ስድስት ክንድ።